ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት ወር ያለ አባት፤ ጠባዩ፣ እድገቱና አያያዙ

የሕፃናትን የመጀመሪያ ዓመት እድገት የሚመለከት ጽሑፍ ሞልቷል። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ስልክ ውስጥ ተጭኗል፣ አማት ደግሞ በቃላቸው ይዘውታል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቤት አብሮ ስለሚያድገው ሌላው ፍጡር፣ ማለትም ስለ አባትየው፣ የተጻፈው ግን እምብዛም ነው። ማንም አይመዝነውም፤ ቢመዝነው የአራስ ገንፎው ውጤት በግልጽ ይታይ ነበር። በስንተኛው ሳምንት ዳይፐር መቀየር፣ በስንተኛው ወር ሕፃን ታቅፎ ላብ ሳያጠምቀው መቆም እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል። የጥናቱ መስክ አዲስ አበባ ሲሆን፣ ናሙናው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ደመወዝተኛ፣ ጤናማና በመጠኑ ግራ የተጋባ አባት ነው።

አባትነት በአገራችን የሚጀምረው በአዋጅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 10 የሥራ ቀን ይሰጠው ነበር። በዚያ ስሌት የመንግሥት አባት ከግሉ አባት ከሦስት እጥፍ በላይ አባት ነበር ማለት ነው። የግሉ ሦስት ቀን እንዲህ ያልቃል፦ አንዱ በካርድ ክፍል፣ በገንዘብ ያዥና በመድኃኒት ቤት መካከል፤ ሁለተኛው የገንፎ እህል፣ የአጥሚት አጃና ለጋ ቅቤ ፍለጋ፤ ሦስተኛው አማትን ከአውቶቡስ ተራ ለመቀበል። አማት ሻንጣቸውን አስቀምጠው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው «በል አንተ ሥራህን ሂድ፤ እኔ አለሁ» ሲሉ ፈቃዱም ሥልጣኑም አብረው ያበቃሉ።

በአራተኛው ቀን ቢሮ ሲገባ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ያሳድግልህ» የሚል ምርቃትና «ማንን መሰለ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። መልሱ ተዘጋጅቷል፤ «ቁርጥ አባቱን»። ይህን ያሉት የሚስቱ ወገኖች ናቸው። የኛ አገር ጨዋነት ብቻ አይምሰል፤ ማርቲን ዴሊና ማርጎ ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ እናቶች ስለ አዲስ ልጃቸው ሲናገሩ «አባቱን መሰለ» የሚሉት «እኔን መሰለ» ከሚሉት እጅግ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። የሦስት ቀን ሕፃን፣ ፊቱ አባብጦ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ከማንም በላይ የሚመስለው ሌላ የሦስት ቀን ሕፃንን ነው። አባትየው ግን ቀኑን ሙሉ የስልኩን ፎቶ እያሰፋ አፍንጫ ሲያስተያይ ይውላል።

ከልጁ ወገን ያለው እይታ ሌላ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ነው፤ ይኸውም ጡት ላይ ሆኖ እስከ እናቱ ፊት መሆኑ ነው። የአራስ ቤቱ በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ «አባቱ መጣሁ!» እያለ የሚያውለበልበው ሰው ከዚያ ክልል ውጭ ነው፤ ለሕፃኑ ከመጋረጃው አይለይም። ያም ሆኖ አባትየው ሥራ አይፈታም። ጠያቂ ሲመጣ ከጎረቤት ወንበር ያመጣል፣ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ሲሉት አሜን ይላል፣ ገንፎውን ቆሞ ይበላል።

ኦርቶዶክስ ቤት ከሆነ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት እንደገቡ ይተርካል። አባትየው በቁጥሩ አይከራከርም። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ከጥምቀቱ ልጁን የሚቀበለው እሱ ሳይሆን የክርስትና አባት ነው። የመጀመሪያው አባት ገና ማቀፍ በቅጡ ሳይለምድ፣ በ40ኛው ቀን ሁለተኛ አባት ይሾማል። የመጀመሪያው ፎቶ ያነሣል። ሙስሊም ቤት ይህ ችግር የለም፤ በ7ኛው ቀን ለአቂቃው በግ መግዛትም ማሳረድም ስላለበት አባት ቦታውን ያውቃል።

ከዚያ ፈገግታ ይመጣል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1839 የተወለደ የመጀመሪያ ልጁን ዊልያምን ከደሴት እንዳመጣው እንስሳ እየተከታተለ ማስታወሻ ያዘ፤ ጽሑፉን ያሳተመው ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ1877፣ «ማይንድ» በተባለው መጽሔት ነው። ልጁ ከልቡ ፈገግ ያለው በ45 ቀኑ ነበር ይላል። ፈገግታው በአብዛኛው የሚመጣው እናቱን ሲያይ እንደነበርም ሳይደብቅ መዝግቧል፤ ይህ ለአንድ አባት ትልቅ ሳይንሳዊ ታማኝነት ነው። 45 ቀን ለአዲስ አበባ አባትም የታወቀ ቁጥር ነው። ክትባቱ በ6ኛው ሳምንት የሚሰጥ ቢሆንም ሰው ሁሉ «የ45 ቀን ክትባት» ይለዋል። የዳርዊን ልጅ ፈገግ ባለበት ዕድሜ የኛው ልጅ በሁለቱም ጭኖቹ መርፌ ይወጋል፣ በአፉም ጠብታ ይቀበላል። እዚህ ላይ የአባት ጠባይ ጎልቶ ይታያል። ነርሷ «ማን ይይዘዋል?» ስትል የአባትየው ስልክ ይጮኻል። «አንዴ፣ ከቢሮ ነው» ብሎ ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ያልደወለለትን ሰው እያነጋገረ ጩኸቱን በግድግዳው በኩል ይሰማል። ሲመለስ ልጁ ጡት ይዞ ጸጥ ብሏል። አባትየው ለመረጋጋት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል።

ዳርዊን ሌላም ነገር ጽፏል። ልጁ 4 ወር ተኩል ሳይሞላው አጠገቡ ያልተለመደ ድምፅ እያሰማ ያጫውተው ነበር፤ ልጁም እንደ ቀልድ ይወስደው ነበር። አንድ ቀን ግን አባት የማንኮራፋት ድምፅ አሰማ፤ ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዚያም ለቅሶውን ለቀቀው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ዳርዊን ረስቶ ደገመው፣ ልጁም ለቅሶውን ደገመው። የዝርያዎችን አመጣጥ የመረመረ ሰው የሦስት ቀን ትምህርት ካልያዘ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በእውነተኛ ማንኮራፋት ልጅ የሚቀሰቅስ የኮንዶሚኒየም አባት ይቅር ሊባል ይገባል። ሚስቱ በዚህ ድምዳሜ አትስማማም።

የጥናቱ ዋና ግኝት የተገኘው ከ90ኛው ቀን ወዲያ ነው። እናት በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ታርፋለች፤ ያ ሲያልቅ እሷም ወደ ሥራ ትመለሳለች። ልጁ ደግሞ ቁም ነገር መሥራት የሚጀምረው ልክ ያኔ ነው። መገልበጡ፣ ቁጭ ማለቱ፣ ዳዴው፣ ድክ ድክ ማለቱ ሁሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል፣ በመደበኛው የሥራ ሰዓት ይከናወናል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መገልበጥ ያየችው ሞግዚቷ ናት፤ ወይም አያት ናቸው፤ ወይም ማንም ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቅላላ ሕግ ይወጣል። በከተማ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ አንዴ ሲሆን፣ አንዴ ደግሞ አባት ሲያይ።

አሠራሩ በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስላል። ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሞግዚቷ ልብስ ስታጥፍ ማሙሽ ከጀርባው ወደ ሆዱ ይገለበጣል፤ አንድ እጁ ከሥሩ ተይዞበት ለማውጣት ይታገላል። አያት ማማሰያ እንደያዙ ከወጥ ቤት ይደርሳሉ፣ እልል ይላሉ፣ ከዚያ እልልታውን መሀል ላይ ይቆርጡታል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ማታ ደረጃ ላይ አባትየውን ሊያገኘው ይችላል። «እንዳትነግሪው!» ይላሉ ለሞግዚቷ። ረቡዕና ሐሙስ ማሙሽ ሲገለበጥ ይውላል። ዓርብ ይሰለቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት አባትየው አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ልጁ ዞር ይላል። «ተገለበጠ! ኧረ ተገለበጠ!» አያት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ውይ በሞትኩት! አሁን ገና!» ይላሉ። ሞግዚቷ «እኔም ገና ማየቴ ነው ጋሼ» ትላለች። በቤቱ ውስጥ ምንም የመገረም ምልክት የማያሳየው ማሙሽ ብቻ ነው።

እናትየው ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስትገባ የሞግዚቷን ፊት አይታ ገብቷታል፤ ዝም ያለችው ለእሱ ብላ ነው። እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ቅዳሜ ዕለት ስልኩ ላይ ምን ሲነካካ እንደነበር ሲጣራ ግን፣ ካሜራው አስቀድሞ ተከፍቶ ተገኝቷል።

8ኛው ወር ገደማ ሕፃን የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው እየለየ ማልቀስ ይጀምራል። ከዓይኑ የተሰወረ ነገር ጨርሶ እንዳልጠፋ የሚገባውም በዚሁ ሰሞን ነው፤ ዣን ፒያዤ ይህን የደረሰበት በገዛ ሦስት ልጆቹ ፊት ዕቃ እየደበቀ ነው። ዕቃ በመደበቅ ፈንታ ራሱ የተሰወረ አባት ግን ሌላ ውጤት ያገኛል። ፊልድ ከርሞ፣ ፂሙን አሳድጎ ሲመለስ ልጁ አንዴ አይቶት ሞግዚቷ አንገት ሥር ይወሸቃል። ቤተሰቡ ወዲያው ያረጋጋዋል። «እንቅልፉ መጥቶ ነው ጋሼ።» «ጥርስ እያበቀለ ነው ልጄ፣ አንተን ጠልቶ አይደለም።»

ጥርስ ለሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል፤ ለለቅሶ፣ ለተቅማጥ፣ ለትኩሳት፣ ለመብራት መጥፋትም ሳይቀር። ሐኪሞች ጥርስ ማብቀል ከፍተኛ ትኩሳት እንደማያመጣ ይናገራሉ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ የተመደቡትም በዚህ ዓይነቱ የቤት ውስጥ ምርመራ ስንት ሕፃን ስለተጎዳ ነው፤ እዚህ ላይ ጥናቱ አይቀልድም።

ንግግር ላይ ሲደረስ አባትየው ሳይንስን ከጎኑ ያገኛል። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960፣ ጆርጅ መርዶክ ከዓለም ቋንቋዎች የሰበሰባቸውን 1,072 የእናትና የአባት መጠሪያዎች ይዞ፣ የተሠሩት ለሕፃን አፍ በሚቀሉ ድምፆች እንደሆነ አስረድቷል፤ የከንፈር ድምፆች ከፊት ይሰለፋሉ። እናም ልጁ በ7 ወሩ ገደማ «ባባባባ» ሲል አባትየው «ጠራኝ!» ብሎ ይነሣል። ያው ልጅ ያንኑ «ባባባባ» ለአምፖሉ፣ ለጡጦውና ለውሃ ቆጣሪ አንባቢው ብሏል፤ እነዚህ ማስረጃዎች ከመዝገብ ተሰርዘዋል። የዳርዊን ልጅ ልክ ዓመት ሲሞላው አንድ ቃል ፈጠረ፤ «መም»። ማለት የፈለገው ምግብ ነበር።

እግር ላይ ሲደረስ ጉዳዩ የሰፈር ይሆናል። «የነእንትና ልጅ በ9 ወሩ ሄደ» የሚል ወሬ ደረጃውን እየወጣ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ጤናማ ልጅ ያለ ድጋፍ መሄድ የሚጀምረው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከመቶ 4.3 ያህሉ እንዲያውም በእጅና በጉልበት ዳዴ ሳይሉ ነው ያለፉት። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ከ9 ወር በላይ አለ፤ ሌላ ልጅ ተረግዞ ይወለድበታል። ይህ ቁጥር እናቶችን ያረጋጋል። አባትን አያረጋጋም፤ ልጁ ጤናማ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፣ የጎረቤቱን ልጅ መቅደሙ ነው የተጠረጠረው።

መፍትሔው የተገኘው ከዘመን አቆጣጠራችን ነው። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜን ያልተሻገረ ልጅ 10 ወር የሚሞላው በ300 ቀኑ ነው፤ በፈረንጆቹ ግን 304 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በ302ኛው ቀኑ የተራመደ ልጅ ስለዚህ በአንዱ 10 ወር አልፎታል፣ በሌላው ገና 9 ወሩ ነው። አባትየው የራሱን ልጅ በፈረንጅ፣ የጎረቤቱን በሐበሻ ይቆጥራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስትም ድርሻዋን ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በእነሱ በጋ ቀትር ነው፤ ምሳዋን ትታ ቪዲዮ ትከፍታለች። «እስቲ ና የኔ ጌታ፣ ና ወደ አባ!» ይላል አባትየው፤ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው የመኪና ቁልፍ እያንሿሿ። ማሙሽ ቁልፉን አይቶ ቁጭ ይላል። እንደገና ያቆሙታል፤ እንደገና ቁጭ። አክስት «አይ፣ አታስቸግሩት፣ እኔን አፍሮ ነው» ስትል ምስሏ ይደርቃል፤ ልጁ ያኔ ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ይሄዳል። «አየሽው?» «ኧረ ቆሞብኛል! ማን ሄደ?» ሁለት ጊዜ የሚለው ሕግ ዳያስፖራ ሲገባበት ሦስት ይሆናል።

ልደቱ ደረሰ። ልጁ በዓመቱ የውልደት ክብደቱን ሦስት እጥፍ አክሏል፤ አባትየው ደግሞ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበስቷል። ማሙሽ ሻማው ሲለኮስ ደንግጦ አለቀሰ፣ እንግዳው ሁሉ «ጥርስ ነው» አለ፣ ኬኩን አባትየው በልጁ ስም ቆረሰው። ክትባት ካርዱ ላይ የ9 ወሩ ኩፍኝ ምልክት ተደርጎበታል፤ የቀረው የ15 ወሩ ሁለተኛ ዙር ነው። አባትየው በዚያ ሳምንት የማይቀርበት ስብሰባ እንዳለበት ከወዲሁ አሳውቋል።