የከርሰር ጉዞ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በአንድ ደብዳቤ ላይ ከ«ጉዳዩ» እስከ «ከሰላምታ ጋር» ያለው ርቀት ኮንትሮልና ኢንድ አብረው ሲጫኑ በቅጽበት ያልቃል። ይህ ሆኖ ሳለ ብዙው የቢሮ ሠራተኛ ጉዞውን በቀስት ቁልፍ፣ ፊደል በፊደል የሚያደርገው ለምንድን ነው? ጥናቱ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የቀደሙ ሥራዎች

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል «ጂፕሲ» የተባለውን ፕሮግራም ሲሠሩ ቆርጦ መለጠፍን ለማንም ጸሐፊ የሚቀል አደረጉት። በ1976 ቢል ጆይ የጻፈው «ቪአይ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ደግሞ ከርሰሩን በኤች፣ በጄ፣ በኬ እና በኤል ያስኬድ ነበር፤ እሱ ይሠራበት በነበረው ተርሚናል ቀስቶቹ የታተሙት እነዚሁ ፊደላት ላይ ነበርና። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ጭራሹን የቀስት ቁልፍ አልነበረውም፤ ሰው ሳይወድ በግዱ ማውስ እንዲለምድ ታስቦ ነው። የእኛ ቢሮዎች በዚያ ዘመን ያንን ማሽን ቢታደሉ ኖሮ ሥራ በይፋ ይቆም ነበር።

ምልከታ

ምልከታው የተካሄደው ፍርድ ቤት አጠገብ ባለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነው። ባለጉዳዩ ከጸሐፊዋ ጀርባ ቆሞ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሯል። «‹ተከሳሽ› የሚለው ጋ፣ የኔ እህት... ትንሽ ወደ ግራ... ኧረ አለፍሽው!» ጸሐፊዋ ዞር ሳትል ኮንትሮልን ይዛ የግራውን ቀስት ሁለቴ ነካች፤ ከርሰሩ ቃል ከቃል እየዘለለ ደረሰ። ሺፍትን ጨምራ የቀኙን አንዴ ስትነካ ቃሉ ተመረጠ። «ከሳሽ» ብላ ጻፈችበት፤ ከቃሉ ጋር ክፍተቱም ተመርጦ ስለነበር ቦታ መስጠትም አልረሳችም። ሰውየው ከተከሳሽነት ወደ ከሳሽነት ሲሸጋገር ጣቱ ገና ስክሪኑ ላይ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ ኮንትሮል እርምጃን ያስረዝማል፤ ሺፍት የተረገጠውን ሁሉ ይከልላል። ሆም መስመሩ መጀመሪያ፣ ኢንድ መስመሩ መጨረሻ ያደርሳሉ፤ ኮንትሮል ሲታከልባቸው የሰነዱ ጫፍና ጫፍ ድረስ ይሄዳሉ።

የተጠቃሚዎች ምደባ

ሀ) ቀስተኞች፦ ቁልፉን ተጭነው ይጠብቃሉ። መመሪያቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነው።

ለ) ማውሰኞች፦ ሁለት አንቀጽ ለመምረጥ ማውሱን ወደ ታች ይጎትታሉ። ገጹ ያመልጥና ሰነዱ መጨረሻ ላይ ይገኛሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ መጀመሪያውን አልፈው ይሄዳሉ። በመካከል «ይሄ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት» የሚል አስተያየት ይሰጣሉ።

ሐ) ሁሉን መራጮች፦ ኮንትሮልና ኤ ብቻ ያውቃሉ። ሙሉውን ሰነድ መርጠው ሳያስቡት አንድ ቁልፍ ይነካሉ፤ ዓመታዊው ሪፖርት «ሀ» ሆኖ ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ መልቀሚያው ኮንትሮልና ዜድ መሆኑን ካወቁ።

ግኝት

ጥናቱ ሲጀመር መላ ምቱ «ችግሩ የዕውቀት ማነስ ነው» የሚል ነበር። መላ ምቱ ወድቋል። ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ቀስት የሚጫን ሠራተኛ፣ በበር ለሚያልፍ አለቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ደብዳቤውን በአንድ ዝላይ አርሞ የጨረሰ ግን እጁን አጣጥፎ ይገኛል፤ የሌላ ሰው ፋይልም ይጨመርለታል። በዚህ ስሌት ፊደል በፊደል መሄድ ራስን መከላከል ነው። ጸሐፊዋ የምትዘለው የሚከፈላት በገጽ ስለሆነ ነው፤ ደመወዝተኛው የሚከፈለው በወር ነው።

ምክረ ሐሳብ

ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫንን በተመለከተ ለባለድርሻ አካላት ቢሾፍቱ ላይ የሦስት ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይሰጥ። የመጀመሪያው ቀን ለምዝገባና ለመክፈቻ ንግግር፣ ሁለተኛው ለኮንትሮል፣ ሦስተኛው ለአበል ይዋል። ሺፍት በበጀት እጥረት ወደ መጪው ዓመት ይተላለፍ።