ገብረ ጉንዳን በፖስታ

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካችን ሰው ወደ ገብረ ጉንዳን ልኮት ነበር። ምክሩ ለሦስት ሺህ ዓመት ያህል ሰሚ አጥቶ ሲንከራተት ቆይቶ በእኛ ዘመን ሰሚ አገኘ። ይሁን እንጂ ታካች ታካች ነውና መሄዱ ከበደው። ሶፋው ላይ እንደተጋደመ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ከፈለና ገብረ ጉንዳኗ ራሷ በፖስታ መጣችለት። ጣት በምታክል ብልቃጥ ገብታ፣ በእርጥብ ጥጥ ተወትፋ፣ በሕይወት ለመድረሷ ዋስትና ተሰጥቶባት ከደጃፉ ደረሰች። ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው፤ ድሮ ተማሪ ወደ መምህሩ ይሄድ ነበር፣ ዛሬ መምህሩን አሽገው ይልኩለታል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ይህ ነገር «ጉንዳን ማርባት» ይባላል። አጀማመሩ እንኳ የልጆች ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚልተን ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በሁለት ፕላስቲክ መስኮት መካከል አሸዋ ጨምሮ «የጉንዳን እርሻ» ብሎ ሸጠ። ሠራተኞች እንጂ ንግሥት አልነበረችበትም። ሠራተኞቹ ጥቂት ወር ሲቆፍሩ ከርመው አንድ በአንድ ያልቁ ነበር፤ እርሻ ተብሎ ዘር የማይዘራበት፣ መንግሥት ተብሎ አልጋ ወራሽ የሌለው። የዛሬው ደንበኛ ግን ነቅቷል። ንግሥት ካልሆነች አይገዛም። የገዛ ደጁን ጥቁር ጉንዳንም አይፈልጋትም፤ በነጻ የምትገኝ፣ በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ የምትተኛ ምን ክብር አላት? ክብር ያለው ከአማዞን፣ ከኮንጎ ወይም ከቦርኒዮ ደን ባሕር ተሻግራ በመጣችው ላይ ነው።

በጣም ከሚወደዱት አንዷ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ናት። ቅጠሉን ተሸክማ የምትገባው ልትበላው አይደለም፤ አላምጣና አድቅቃ ከመሬት በታች ላለ የእንጉዳይ ማሳዋ ታደርገዋለች፤ ቤተሰቡ የሚበላው እንጉዳዩን ነው። ወገኖቿ እንዲህ ማረስ ከጀመሩ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛ እህል መዝራት ከጀመርን ገና አሥራ ምናምን ሺህ ዓመት ነው። ወጣቷ ንግሥት ለጋብቻ በምትበርበት ቀን የእንጉዳዩን ቁራሽ በአፏ ከረጢት ቋጥራ ትወጣለች፤ አዲስ ሙሽራ ከእናቷ ቤት እርሾ ይዛ እንደምትወጣ ማለት ነው። በአየር ላይ ተድራ ትወርዳለች፣ ክንፏን ትጥላለች፣ ጉድጓዷን ትቆፍራለች። በዚያች አንዲት ቀን የያዘችው ዘር ከአሥር ዓመት በላይ ያስወልዳታል። ከሚበሩት ንግሥቶች ብዙዎቹ የወፍና የእንሽላሊት ራት ሆነው ይቀራሉ። የቀናት ግን ሚሊዮኖች የሚኖሩባት፣ ከ6 ሜትር በላይ ወደ ምድር የምትዘልቅ ከተማ ትቆረቁራለች።

ይህችን ከተማ ነው እንግዲህ ወዳጃችን የጫማ ካርቶን በምታክል ሳጥን ውስጥ የሚቆረቁራት። ማዘጋጃ ቤቱም፣ ውሃና መብራቱም፣ ወህኒ አዛዡም እሱ ነው። የሳጥኑን ከንፈር እግር በማያስቆነጥጥ ፈሳሽ ቴፍሎን ቀብቶታል፤ ነዋሪዎቿ በጣም ስለሚወዱት እንዳይወጡበት። በደኑ ውስጥ ከመቶ ሜትር በላይ ጎዳና ጠርጋ የምትመላለሰው ሠራተኛ አሁን የአንድ ክንድ ቱቦ ተፈቅዶላታል። ለጤናዋ ሲባል ነው።

ደግነቱ የሰሎሞን ምክር ከንቱ አልቀረም። እንጉዳዩ ብርድ አይወድም፣ ድርቀት አይችልም፣ ፀረ ተባይ የነካው ቅጠል ከቀመሰ ይሞታል። ስለዚህ ያ ታካች በጥር ውርጭ ካፖርቱን ደርቦ ከየአጥሩ ሥር የጽጌረዳና የእንጆሪ ቅጠል ሲለቅም ይታያል። ለወላጅ እናቱ አንድ ቀን ጎመን ቀጥፎ የማያውቅ ልጅ ለጉንዳን ቅጠል ያጥባል። ለራሱ ማሞቂያውን አጥፍቶ ለእሷ ያበራል። ከታካችነት ዳነ፤ እሷን ግን ሥራ አስፈታት። ድሮ እሷ ታርስ ነበር፣ እሱ ይተኛ ነበር፤ አሁን እሱ ይጭናል፣ እሷ ግድግዳ ትዞራለች። ትምህርቱ ተሳክቷል፣ መምህሯ ታስራለች።

ሞኝ ሰው ግን ድሮም አይጠፋም። ቴዎዶር ሽኔርላ የተባለው አሜሪካዊ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ፓናማ ወዳለችው ባሮ ኮሎራዶ ደሴት እየተመላለሰ ዘማች ጉንዳኖችን በእግሩ ይከተል ነበር። በዝናብ፣ በጭቃ፣ በሌሊት። ሰፈራቸውን ከእንጨትም ከአፈርም ሳይሆን እግር ለእግር ተያይዘው ከገዛ አካላቸው እንደሚሠሩት አየ። ሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ቦታ ይሰፍራሉ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ደግሞ በየሌሊቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይጓዛሉ፤ የሚያስነሳቸውም የንግሥቲቱ ትእዛዝ ሳይሆን የእጮቹ ርሃብ መሆኑን ደረሰበት። የእነሱን ዘመቻ ተከትለው የሚኖሩት ወፎችና ነፍሳት ከ300 ዝርያ ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ ለማወቅ ምስኪኑ ሰውዬ ሄደ! ሳጥን ቢገዛ ኖሮ ጫማው ሳይረጥብ ስንት ነገር ሳያውቅ ይቀር ነበር።

«ጉንዳን መሸጥ ዛሬ ተጀመረ እንዴ?» የሚል ተከራካሪ አይታጣም። አልተጀመረም። በደቡብ ቻይና እ.ኤ.አ. በ304 ገደማ የተጻፈ መጽሐፍ ሸማኔ ጉንዳን ከነጎጆዋ ገበያ ወጥታ ትሸጥ እንደነበር ይናገራል። ይህች ጉንዳን ሐር የሚተፋ እጯን እንደ መወርወሪያ ይዛ ቅጠልን ከቅጠል የምትሰፋ ናት፤ እኅቷ በአፍሪካ ደኖችም አለች። የቻይናው ገበሬ ገዝቶ ምን አደረጋት? ብርቱካን ዛፉ ላይ ለቀቃት፤ እሷም ተባዩን እየለቀመች ኖረች። ሰውየው መብራት ሥር አስቀምጦ ሊያያት ይችል ነበር። አልሠለጠነማ!

የሠለጠነውን ለማየት ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ናይቫሻ ከተማ ውስጥ ሁለት ቤልጅየማውያን ወጣቶች 5,000 ያህል የጉንዳን ንግሥቶችን ከ2,000 በሚበልጡ ብልቃጦች ውስጥ በጥጥ ወትፈው ተያዙ። ጉንዳኖቹ ዘር ለቃሚ ትልልቅ የአፍሪካ ጉንዳኖች ናቸው፤ መኖሪያቸው የሣር ሜዳ እንጂ የዝናብ ደን አይደለም። ገበያ ግን ደንና ሜዳ አይለይም፤ በእንግሊዝ አንዲቱ እስከ 170 ፓውንድ እንደምታወጣ በወቅቱ ተዘግቧል። ወጣቶቹ ለመዝናናት ነው እንጂ ወንጀል መሆኑን አናውቅም ነበር አሉ። እውነት ነው፤ 5,000 ንግሥት ሳይኖረው የሚዝናና ማን አለ? ፍርድ ቤቱ ግን ጨዋታ አያውቅምና እያንዳንዳቸውን አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጣ። ዳኛዋ በውሳኔያቸው ከቤት ተነጥቆ ከብዙ መሰል ጋር በጠባብ ዕቃ ስለ መታሸግ ሲናገሩ የባሪያ ንግድን እስከማንሳት ደርሰዋል። ትናንት ከዚህ ምድር ተሸሽጎ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ዛሬ ጉንዳን ሆነ። ኮንትሮባንድም እንደ ስልክ እያነሰ ሄዷል።

«አምስት ሺህ ጉንዳን እኮ አንድ ኩይሳ አይሞላም» ይባላል። ሠራተኞች ቢሆኑ ልክ ነው። ንግሥት ግን ያልተወለደ ከተማ ናት። አንድ ብልቃጥ የያዘ ሰው ኪሱ ውስጥ የያዘው አንዲት ጉንዳን ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ሕዝብ ሁሉ ነው።

«አርቢ» የሚለውን ቃል ደግሞ እዩት። ላም አርቢ ጥጃ ያያል፣ ዶሮ አርቢ ጫጩት ያስፈለፍላል። የአብዛኞቹ ጉንዳኖች ሠርግ ግን በሰማይ ነው፤ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ፣ የአገሩ ጎጆ ሁሉ በአንድ ቀን ሲበር የሚደገስ። በሳጥን ውስጥ አይደገስም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ተገዝታ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ንግሥት በአብዛኛው ከዱር የተለቀመች ናት። ብትሞት ምትኳ የሚለቀመው ከዚያው ከዱሩ ነው። እንግዲህ ለቃሚን አርቢ ካልነው፣ ሌባንም የንብረት አስተዳዳሪ ብለን ደመወዝ እንቁረጥለት።

ብታመልጥስ? «አንዲት ጉንዳን ምን ታመጣለች?» ለሚሉ መልሱ እዚያው ኬንያ፣ ላይኪፒያ ውስጥ ነው። ባለ ትልቅ ራስ የሚሏት መጤ ጉንዳን፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴት እንደመጣች የሚታመነው፣ የግራር ዛፍ የሚጠብቁትን የአገሩን ጉንዳኖች ፈጀቻቸው። ጠባቂ ያጣውን ግራር ዝሆን ሰባበረው። ሜዳው ሲገለጥ አንበሳ የሜዳ አህያ የሚያደባበት ጥሻ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚለው አንበሶቹ ከገደሏቸው እንስሳት ውስጥ የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 ከነበረበት 67 በመቶ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወርዷል፤ ፊታቸውን ወደ ጎሽ አዙረዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ጉንዳን በገባች ጎሽ ታረደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ሲባል ተረት ይመስለን ነበር።

ይህችን መጤ ወድዶ ያመጣት አልነበረም። አሁን ግን ወዳጅ በዝቷል፣ ፍቅሩም በመላኪያ ዋጋ ይለካል። በቁርአን በስሟ ምዕራፍ የተሰየመላት ጉንዳን ሱለይማን፣ ያው ሰሎሞን፣ ከነሠራዊቱ ሲመጣ ወገኖቿን ወደየቤታቸው እንዲገቡ አስጠንቅቃ ነበር፤ ሠራዊቱ ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ፈርታ። ንጉሡም ሰምቶ ፈገግ አለ፣ አምላኩን አመሰገነ። ምስኪኗ የፈራችው ሳያይ የሚረግጠውን ብቻ ነው። አይቶ፣ ወድዶ፣ ስሟን በሳይንስ ቋንቋ ጠርቶ፣ በጥጥ ወትፎ የሚወስዳት እንደሚመጣ ማን ይንገራት?

ለታካቹ ወዳጃችን አንድ ቃል እንጨምርለት። ያ የጥንት ምክር አጭር ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድመው እንኳ አንብበው ይጨርሱታል። ሂድ ይላል፣ እይ ይላል፣ ተማር ይላል። አስመጣ የሚል የለበትም።