የሞተር አትሮኖስ

በሮቢት፣ ማለት ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አስፋልት ከጎብዬ አልፈው ቆቦ ሳይደርሱ በሚያገኟት፣ ስሟ የሮብን ዕለት በሚያስታውስ በዚህች የራያ ቆላ ከተማ፣ የታደሰ ሞተር መዳን አለመዳኑ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሞተሩ ተገጣጥሞ፣ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ከመኪናው ሆድ ገብቶ፣ ቡሎኑ ሁሉ ከታሰረ፣ ማኒኮቶው ሁሉ ከጠበቀ፣ ባለመኪናውም ከነዘመዶቹ ተጠርቶ ዙሪያውን ከቆመ በኋላ ቁልፍ ይዞርለታል፤ ከውስጡ የሚያንኳኳ ነገር የተሰማ እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆንና ሞተሩ በገባበት ሰንሰለት ተመልሶ ይወጣል፣ ዘመዶቹም በየተራ አስተያየታቸውን ሰጥተው ይበተናሉ።

የእኅቴ ልጅ መካኒክ ነው። ጋራዡ በእኔ ግቢ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ከመምህርነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ይህ ትዕይንት ሲደጋገም እያየሁ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ። በአንድ ሰኔ ግን የአንድ የጎረቤታችን ሐጂ የቶዮታ ሂሉክስ ሞተር፣ መጀመሪያ አንዲት የቢየላ ዳዶ በውል ስላልጠበቀች፣ ሁለተኛ ዘይት ስላንጠባጠበ፣ ሦስተኛም ያለምንም ምክንያት ሐጂው ስለተጠራጠሩ ብቻ፣ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረው ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ሞተር ከመኪና ውጭ ቆሞ የሚፈተንበት ነገር እሠራለሁ ብዬ በቤተሰቡ ፊት ቃል ገባሁ። ባለቤቴ የሰማችበት ሁኔታ መልካም አልነበረም። «አንቱ፣ የዶሮውን ቤት በር ከፋሲካ ወዲህ እየጠበቅሁት ነው» ብላ ወደ ማድ ቤቷ ገባች።

ከሥራው አስቀድሞ ቋንቋ መማር ነበረብኝ። የኢጣልያ ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ሲቆይ በዚህ በኛ በር የሚያልፈውን መንገድ ለካሚዮን ጠርጎ፣ ካሚዮኑንም ትቶ፣ የካሚዮኑን ስም ሁሉ አውርሶን ሄዷል፤ ስለዚህም ግዕዝ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ እንደሆነ ሁሉ ጣልያንኛ ደግሞ የጋራዥ የቅዳሴ ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል፤ የሚያዜመው ብዙ፣ የሚተረጉመው ጥቂት። የእኅቴ ልጅ ቴስታ፣ ፋሻ፣ ቢየላ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ እያለ እንደ ዳዊት ደጋሚ ያነበንባል እንጂ ቴስታ ራስ፣ ካንዴላ ሻማ፣ ማርሚታም ድስት ማለት መሆኑን አያውቅም ነበር። ትርጓሜውን ስነግረው ተደነቀ፤ ባለቤቴ ግን ከማድ ቤት ሆና «ከመኪና ሥር ድስት የሚሰቅል ሕዝብ ምን ቢበላ ነው!» አለች።

ሥራው ይህን ይመስል ነበር። ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተረፈ ሁለት ክንድ ሻንሲ በመጋዝ ቆርጠን ጐንና ጐን አደረግነው፤ በመካከሉ በላሜራ ቱቦ በየድን፤ ሞተሩ የሚያርፍባቸውን ጎማዎች ከአሮጌ ፒካፕ ነቅለን ገጠምንባቸው፤ ከፊት ራዲያተር አቆምን፤ ከጐን ባትሪ አሰርን፤ ከበላዩ አምስት ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን በምሰሶ ሰቅለን ናፍጣው በቀጭን ቱቦ በገዛ ክብደቱ እንዲወርድ አደረግን፤ በእንጨት ገበታ ላይም የዘይት ግፊትና የውሃ ሙቀት መለኪያዎችን ከቁልፉ ጋር ሰካን። ጐረቤታችን መሪጌታ ጠዋት ከማኅሌት ሲመለሱ አይተውት፣ «ይህማ አትሮኖስ ነው፤ መጽሐፉ ተዘርግቶበት እናንተ ጐንበስ ብላችሁ የምታነቡበት» አሉና ስሙ በዚያው ጸና።

ዓጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል ሲረከቡ እንዲህ ያለ አትሮኖስ አልነበራቸውም፤ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከባሕሩ ጠረፍ አንሥቶ በረሃውንና ገደሉን እየነዳ እስከ አዲስ አበባ ስላመጣት፣ ፈተናዋን በመንገድ ጨርሳ ነው የገባችው። እኛ ግን ሁለት ኩንታል የሚመዝን ሞተር አቁመን ከማንጎው ሥር አናንቀሳቅስም ብለን ተነሣን፤ አለመንቀሳቀስ ደግሞ ከመንቀሳቀስ የከበደ ዕውቀት እንደሚጠይቅ የተገለጠልኝ ቁልፉን ባዞርሁ በሦስተኛው ቅጽበት ነው። ክብደቱን አስልቼ ነበር፤ መጠምዘዙን ግን ረስቼዋለሁ። ሞተር ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ሲያሽከረክር የገዛ አካሉ ወደ ሌላው ወገን እንደሚገፋ፣ ይህም ኒውተን በሦስተኛ ሕጉ የደነገገው መሆኑን ስንት ትውልድ አስተምሬ ሳለሁ፣ የአትሮኖሱን እግር ግን አጥብቤ ሠርቼዋለሁ። የእኅቴ ልጅ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ዞር አለ፤ አትሮኖሱ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ራዲያተሩም ግንባሩን ከማንጎው ግንድ ጋር አጋጨ። መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ፣ «ገና ስግደት ላይ ነው፣ ቅዳሴው አልደረሰም» አሉ። በማግሥቱ እግሮቹን አስፍተን፣ ለመግፋት ይመቻል ብዬ ያስገባኋቸውን የጋሪ ጎማዎች አውልቀን፣ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫንንበት።

በሁለተኛው ጊዜ ሞተሩ ተነሣ፤ አትሮኖሱም ቆመ። የጥንት ሊቃውንት ፍጥረት ሁሉ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተገኘ እንደሚሉት ሁሉ፣ ይህም ነፋሱን እየሳበ፣ ከመሬት የወጣ ናፍጣ እየተቀለበ፣ እሳቱን በሆዱ፣ ውሃውን በዙሪያው ይዞ ሲያጉረመርም ሳይ፣ ለጥቂት ጊዜ ራሴን ማመስገኔን አልክድም። መሪጌታ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና በሚኒሞ ሲሄድ ግዕዝ፣ ከፍ ሲል ዕዝል፣ ሲጮኽ አራራይ ነው ብለው ዜማውን ከፈሉት፤ ጥቂት ቆይተው ግን ጆሯቸውን አዘንብለው፣ «ከአራቱ አንዱ ደብተራ ዜማ ስቷል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። በዚህ ጊዜ የእኅቴ ልጅ ያደረገውን ነገር ካየሁ ወዲህ ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ መስቀሌ ያሳፍረኛል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ናፍጣ ወደ አራቱ ፒስተኖች የሚያደርሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ጨርቅ ይዞ፣ በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አንድ በአንድ ላላ ያደርጋል። የመጀመሪያውን ሲያላላው ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ይህ ደኅና ሠራተኛ ነበረ ማለት ነው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲያላላው ግን ድምፁ አልተለወጠም፤ ቀድሞም አይሠራም ነበርና መቅረቱን ማንም አላወቀለትም። (በመሥሪያ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረኝ ኖሮ!) የሦስተኛው ናፍጣ መርጫ ተፈትቶ ታጠበ፣ ተመልሶ ገባ፤ ሰንሰለትም፣ ዘመድም ሳያስፈልግ ነገሩ በሩብ ሰዓት አለቀ። ሐጂው ተጠርተው ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራጠሩበት አጥተው ተቸገሩ።

እዚህ ላይ ማቆም ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ጉልበቱን ካልለካሁ አልሁ። ፕሮኒ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1821 ያወጣው ዘዴ አለ፤ የሚሽከረከረውን መንኰራኵር በሁለት እንጨት ጨምቆ፣ ከእንጨቱ ረጅም ክንድ አውጥቶ፣ የክንዱን ጫፍ ሚዛን ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሞተሩ እንጨቱን ይዞ ለመዞር ሲታገል ሚዛኑ ትግሉን በኪሎ ይናገራል። ክንዱን ልክ አንድ ሜትር አደረግሁት፤ ሚዛኑን ሐጂው ማሽላ ከሚመዝኑበት መደብር ተዋስሁ፤ መጭመቂያውን ከደጋ ከመጣ የወይራ እንጨት አስጠረብሁ። ዙሩን ለመቁጠር በቺንጋ በሁለት ደረጃ አዘግይቼ፣ ሞተሩ ሃያ ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ የምትዞር መንኰራኵር አቆምሁና አንድ ነጭ ነጥብ ቀባሁባት፤ መሪጌታም ነጥቧ ባለፈች ቍጥር መቋሚያቸውን መሬት ሊመቱ ተስማሙ።

ዕለቱ ሮብ ነበር፤ ባለቤቴ «በጾም ቀን ናፍጣ መጠጣት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው» ስላለች በዚያው ሰዓት ጀመርን። መጭመቂያው ሲጠብቅ ወይራው ጋለ፣ ጢሱም የወተት ቅል እንደሚታጠንበት ጊዜ ግቢውን ሁሉ ሞላው፤ ሽታው ከአጥር አልፎ በመሄዱ ሦስት ጎረቤቶች ቡና የተፈላ መስሏቸው መጥተው ተቀመጡ። መሪጌታ በአንድ ደቂቃ 75 ጊዜ መቱ፤ ይህም 1,500 ዙር ነው። ሚዛኑ 10 ኪሎ አለ። ሦስቱን አባዝቶ ለ716 ማካፈል ነውና፣ ጥቂት የጎደለው 21 የፈረስ ጉልበት ሆነ። ሞተሩ ከዚህ የበለጠ ነበረው፤ እኛ ግን እንጨቱ እሳት እንዳይሆን ፈርተን ከዚህ በላይ አላጠበቅንም። ለሐጂው፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ማንሣት ነው ብዬ ባስረዳቸው፣ «መምህር፣ ፈረሱን ተውትና ለኛ አገር በግመል ይንገሩኝ» አሉኝ፤ እስከ ዛሬም አላሰላሁላቸውም።

መከራው የመጣው መጭመቂያውን ስናላላ ነው። የእኅቴ ልጅ ቁልፉን አጠፋ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። የናፍጣውን ቱቦ ዘጋ፤ ሞተሩ ይባስ ብሎ ከአራራይም ያለፈ፣ ቅዱስ ያሬድ ያልደረሰበት ዜማ ውስጥ ገባ። ነጭ ጢስ ማንጎውን ሸፈነው፣ አትሮኖሱ ድንጋዮቹን አራግፎ ወደ ዶሮው ቤት ይራመድ ጀመር፣ የቡና እንግዶቻችንም ሲኒያቸውን ሳያዩ ተሰደዱ። ምክንያቱ ኋላ ሲጣራ አሳፋሪ ነበር፤ ልጁ በማለዳ የማሟሻውን ዘይት አፍስሶ፣ የሚበቃውን ስድስት ሊትር ያህል አዲስ ዘይት ሞልቶ ነበር፤ እኔም መፍሰሱን እንጂ መሞላቱን ሳላይ፣ ልርዳው ብዬ፣ ያንኑ ያህል ደግሜበታለሁ። ዘንጉ የተትረፈረፈውን ዘይት ሲመታ ዘይቱ በመተንፈሻው አልፎ ወደ አየር መሳቢያው ገባ፤ ናፍጣ ሞተር የሚቃጠል ነገር ካገኘ ናፍጣ ይሁን ዘይት አይመርጥምና፣ የገዛ ዘይቱን እየጠጣ ሰክሮ ቀረ።

እኔ ምን አደረግሁ? የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ መጠን ነዳጅ፣ እሳትና አየር ካልተገናኙ ቃጠሎ አይኖርም የሚለውን ሕግ ጮኼ አስረዳሁ። ልጁ ጋቢዬን ወስዶ የአየር መሳቢያውን አፍ ሊወትፍ ቢሞክር ሞተሩ የጋቢውን ጥለት ከእጁ ነጥቆ ሊውጥ ጀመረ። በዚህ መካከል ባለቤቴ ከማድ ቤት ወጣች፤ በቀኝ እጇ ግማሹ የተከተፈ የቆቦ ሽንኩርት ያለበት የዋንዛ መክተፊያ ይዛለች፤ ሽንኩርቱን በአንድ ምት አራገፈችና፣ በጢሱ ውስጥ ገብታ፣ ሰሌዳውን በዚያ በሚስበው አፍ ላይ ጥፍ አደረገችው። ሞተሩ ሰሌዳውን ሳበ፣ አንዴ አቃሰተ፣ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ፣ ጸጥ አለ። በዝምታው ውስጥ የመሪጌታ መቋሚያ ብቻ ይሰማ ነበር፤ በድንጋጤ ቆጠራውን አላቋረጡም ነበርና።

ሞተሩ ፋሻውና ብሮንዚናው ታይቶ ደኅና ስለተገኘ ሐጂው ሂሉክሳቸውን እየነዱ ሄዱ፤ ሰሞኑንም በነጋ በጠባ ቁጥር የሚጠራጠሩበትን ለመፈለግ ኮፈኑን እየከፈቱ ያያሉ አሉ። መክተፊያው ላይ ግን የአየር መሳቢያው አፍ የቀለበት ምልክት ስላተመበት ባለቤቴ ከእንግዲህ ሽንኩርት አልከትፍበትም ብላ ሰጠችን፤ በሽቦ አስረን ከአትሮኖሱ ጐን ሰቅለነዋል፣ ለእርሷም ሌላ ገዛሁላት። ሆኖም ሞተር ሊነሣ ነው የተባለ ቀን፣ የተሰቀለውን ያመነችው አይመስልም፣ አዲሱን መክተፊያ በብብቷ ይዛ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ትቆምና፣ ልጁን «ዘይቱን ማን ነው የሞላው?» ብላ ሳትጠይቅ ቁልፍ አታስነካውም።