ሬት በትለር ሽማግሌ ቢልክ

የልቦለድ አንባቢ ይቅርታው ለጉድ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ባል ጠጥቶ ገብቶ ሚስቱን ቢያስለቅስ ወሬው ወር ይበላል፤ እድር ላይ እንኳ አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣል። ያው ሰው ፈረስ ላይ ሆኖ፣ ጢሙን አሳምሮ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቢያስለቅስ ግን «ውስጡ ተጎድቶ እኮ ነው» የሚል ጠበቃ አያጣም። ጠበቃዋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያቺው ጎረቤቷን ስታማ የከረመችዋ ሴት ናት።

ታላቅ እህቴን ማለቴ ነው። እትዬ ሰሞኑን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ይዛ ሽሮው እያረረባት ነው። ማርጋሬት ሚቸል በ1936 (የፈረንጆቹን ዓመት እንደ ፈረንጆቹ ልቁጠረው) ያሳተመችው፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጆርጂያ ውስጥ የሚያልፍ ድርሳን የሚያህል ልቦለድ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን፣ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የተረጎመው። እትዬ ይህን ስነግራት «ለሬት ሲባል ምን የማይደረግ ነገር አለ!» አለች።

ሬት በትለር የመጽሐፉ አባወራ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ደግሞ ይህን ሰው አይወዱትም፤ «ከስሙ ጀምሮ ሬት ነው» ይላሉ። እሁድ ቡና ላይ የእትዬ ውዳሴ ሲበዛባቸው፣ «እስቲ ይህ ሰው ለልጅሽ ሽማግሌ ላከ እንበል» ብለው ተነሡ። ሽምግልናውን ራሳቸው ያዙት፤ እኔ በልጅቷ አባት ቦታ ተቀመጥኩ። ጋሼ እንደ ወጉ ቆመው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

«ልጃችን የቻርልስተን ጨዋ ቤተሰብ ልጅ ነው።»

«ታዲያ አባቱ የት አሉ?»

«ክደውታል።»

«በምን?»

«አንዲት ልጃገረድ በጋሪ ሽርሽር ወስዶ አምሽቶ መለሳት። አግባት ቢባል እምቢ አለ። ወንድሟ ስለ ክብሯ ቢገጥመው በሽጉጥ ገደለው።»

«ትምህርትስ?»

«ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። አባረሩት።»

«ሥራ?»

«በጦርነቱ ጊዜ የሰሜኖቹን የባሕር ከበባ እየሰበረ ዕቃ ያስገባ ነበር።»

«ኮንትሮባንዲስት ነው በሉኛ! ዕድሜው?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሚያገባት ልጅ 17 ዓመት ያህል ይበልጣል።»

«የሚመሰክርለት ወዳጅ የለውም?»

«አለችው። የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ባለቤት ናት።»

እትዬ ሁለተኛውን እየቀዳች ቀና እንኳ ሳትል «እንስጠው» አለች።

ምክንያቷን ስትጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ ሰውዬው ያስቃል። እውነቷን ነው። ሁሉም ለጦርነቱ በሚዘፍንበት ቤት ደቡብ መድፍ ማምረቻ የላትም ብሎ የሚናገር፣ ኋላ የሚያገባት ስካርሌት ስትዋሽ ፊት ለፊቷ የሚስቅባት እሱ ብቻ ነው። የልቦለድ አንባቢ ነፍሰ ገዳይን ይምራል፤ የማይምረው ደባሪን ነው። ስካርሌት የምትወደው አሽሊ ዊልክስ ምስክሬ ነው። አይሰክርም፣ አይጮህም፣ መጽሐፍ ያነባል። እትዬ «ልፍስፍስ» ብላ ገጹን በአውራ ጣቷ ትገፋዋለች። የሚያገባው ሜላኒን፣ የሚያንጠለጥለው ስካርሌትን፤ ቁርጡን አይነግራት፣ አይተዋት። እዚህ ላይ ከእትዬ ጋር ነኝ። እንዲያውም አንዱ ይከሰስ ቢባል ከአሽሊ ብጀምር ደስ ይለኛል።

ስካርሌትም ብትሆን ጻድቅ አይደለችም። ለእርሻቸው ግብር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ የገዛ እህቷን እጮኛ «እሷማ ሌላ ሰው ልታገባ ነው» ብላ ዋሽታ ነጠቀች። ይህን ያህል ጉድ በእኛ ቤት ቢፈጸም ሦስት ትውልድ ባልተነጋገረ ነበር። እትዬ ግን፣ «ቤቱ ሊሸጥባት ነዋ!»

ጋሼም የራሳቸው ቁስል አላቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ካለቀሱት አንዱ ናቸው፤ የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ ሲነካ እንደ ወንድም ልጃቸው ይነድዳቸዋል። እትዬ ይህን ስለምታውቅ እዚያው ገባች። «እናቱ ለእግዜር የተሳለችውን ስእለት ያፈረሰ! አስተምር ተብሎ የተሰጠችውን ልጅ የወደደ! ነገሩ ሲታወቅ እሷን እሳቱ ውስጥ ትቶ አዲስ አበባ የገባ! ተነሥታ ፍለጋ የወጣችው እኮ ሰብለ ናት።»

«አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ሊገድሉት ነበራ! ደግሞ የዚያን ዘመን ፍቅር በዛሬ ዓይን አይታይም» አሉ ጋሼ።

«ሬትስ የዛሬ ሰው ነው? ለመሆኑ እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን ሲያስተምሩ የወደዱት ተማሪ አለ?»

ቡናው ትን አላቸው። ጀርባቸውን የመታሁት እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእትዬ ልጅ ከቨርጂኒያ፣ ስኳር ዕቃው ላይ በተደገፈው ስልክ ውስጥ ሆና ታዳምጣለች። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አንብባዋለች። «እማዬ፣ ደረጃው ጋ ደርሰሻል?» አለች። እትዬ ደርሳለች። ሬት ሰክሮ፣ በቅናት ነድዶ፣ ስካርሌትን እየታገለችው ተሸክሟት ደረጃውን የሚወጣበት ሌሊት ነው። ሚቸል በማግሥቱ ስካርሌትን በፈገግታ ታስነሣታለች፤ አንባቢን ከዚያ ወዲህ ሲያጣላ የኖረው ያ ፈገግታ ነው። በ1972 ካትሊን ውዲዊስ ያወጣችው፣ «ነበልባሉና አበባው» ልንለው የምንችለው የታሪካዊ ፍቅር ልቦለድ ደግሞ ጭራሽ ጀግናውን በአስገድዶ መድፈር አስጀምሮ በትዳር ያሞግሰዋል። በሚሊዮን ነው የተሸጠው።

«እሺ፣ ሬት አትላንታ ላይ ለምን ታስሮ እንደነበርስ ታስታውሻለሽ?»

እትዬ ያስታወሰችው ቀሚሱን ነው። ስካርሌት የእናቷን አረንጓዴ ቬልቬት መጋረጃ አውርዳ ያሰፋችውን፣ ባለጠጋ መስላ 300 ዶላር ልትወስድበት እስር ቤት የሄደችበትን። ሬት እጇን ገልብጦ መዳፏ በእርሻ ሥራ መሻከሩን አይቶ ውሸቷን እንደደረሰበትም ታስታውሳለች። የታሰረበት ምክንያት ግን ጠፋት።

ጥቁር ሰው ገድሎ ነው። አንዲት እመቤትን ተዳፈረ ብሎ። መግደሉን ለስካርሌት ራሱ ይነግራታል፣ የቀልድ ያህል፤ የሟቹን ስም መጽሐፉ አይነግረንም። ጋሼ ያንን ሁሉ ጉድ በሽምግልናው ሲዘረዝሩ ይህንን ዘለውታል፤ ወንድሟ የሞተባትን የቻርልስተኗን ልጅ ግን አልዘለሉም።

«አንቺ ስካርሌትን ሆነሽ ነው የምታነቢው» አለች ልጅቷ። «እኔ እዚያ ቤት ብሄድ በጓሮ በር ነው የሚያስገቡኝ።»

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣች። ጀበናውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

እኔ በበኩሌ ሬትን ከመደርደሪያ አውርዱት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጥፋቱ ቢሰረዝለት ቀልዱም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀረን ጢም ያለው አሽሊ ነው። ሰውዬውን መውደድ ይቻላል፤ ወደነው ስናበቃ ንጹሕ ነው ብለን መማል ነው የማይገባኝ። ከዚህ ሙግት ደግሞ መጽሐፍ ይወለዳል። ደራሲዋ ዣን ራይስ፣ በ«ጄን ኤር» ልቦለድ ጄን የምታገባው ሮቸስተር ሰገነት ላይ የቆለፈባት የመጀመሪያ ሚስቱ ነገር ከንክኗት በ1966 የሴትዮዋን ታሪክ ከሴትዮዋ ወገን ጻፈችው። አሊስ ራንዳል በ2001 የስካርሌትን ቤት በባርነት በተወለደች ግማሽ እህቷ አፍ ተረከችው፤ የሚቸል ወራሾች ከሰሷት፣ መጽሐፉ ግን ወጣ። በተቃራኒው ሬት በመጨረሻ ስካርሌትን ትቷት መሄዱን መቀበል ያቃታቸው አንባቢዎች፣ ሚቸልን ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ በደብዳቤ ወጥረዋት ነበር። አላውቅም እንዳለች በ1949 በመኪና አደጋ ሞተች። ለእነሱ በ1991 አሌክሳንድራ ሪፕሊ «ስካርሌት» የሚል ተከታይ ጽፋ ሰውዬውን መለሰችላቸው።

እትዬ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻውን ነው። «ልጄ፣ ለጥምቀት ስትመጪ እሱን ይዘሽልኝ ነይ።»

«መጀመሪያ የራንዳልን ካነበብሽ።»

ድርድሩ ረዘም አለ፤ በመጨረሻ ሁለቱም መጻሕፍት እንዲመጡ፣ የራንዳል እንዲቀድም ተስማሙ። እትዬ እንግሊዝኛ ስለማታነብ የመተርጎሙ ሥራ በሙሉ ድምፅ ለእኔ ተሰጥቷል። ሲጋራ እንደማላጨስ፣ ወረቀት ከየት እንደማመጣ ባመለክትም የሰማኝ የለም።