ሦስት ሊትር ወተትና አንድ እፍኝ ጽጌረዳ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። እኛን የአዋሽን ልጆች ምን እንደጠማን የጠየቀን ግን የለም። እኔ ልናገር፤ ወተት፣ ስኳር፣ መብራት። ዘንድሮ ደግሞ ያለወትሮዬ አበባ ጨመርኩበት።

ጥፋቱ የጎረቤቴ ነው። አዳማ ዩኒቨርሲቲ ካገኘች ወዲህ ህንዳዊ መምህር ብርቅ አይደለም። ኧረ ከዚያም በፊት፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ስንቱን ተማሪ ሒሳብ ያስቆጠሩት ህንዶች ናቸው፤ የአባቴ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የኬረላ ለዛ አለው። ታዲያ ግድግዳ የምንጋራ አንዲት ህንዳዊት መምህርት ውሏን ጨርሳ ወደ ሀገሯ ልትመለስ ስትል አንድ ሳህን ይዛ መጣች። ክብ ክብ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ መሀሉ በአውራ ጣት ጫን የተደረገ፣ ከላዩ የደረቀ የጽጌረዳ አበባ የተበተነበት። «ፔዳ» አለችኝ። ቀመስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም።

አሠራሩን ስጠይቃት ለምን እንደሳቀች የገባኝ አሁን ነው። «ወተት ብቻ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወተቱን ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ታደርጊና፣ እሳቱን ቀነስ አድርገሽ፣ ሳታቋርጪ ታማስያለሽ። ከመቶው ሰማንያ ሰባቱ ውሃ ነው፤ ውሃው ሲተን ከአምስት እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ሊጥ የመሰለ ነገር ይቀራል። ኮያ ይሉታል። በስኳርና በሄል ታሽቶ ሲድበለበል ፔዳ ይሆናል፤ ተዳምጦ በቢላ ሲቆረጥ ባርፊ። ተድበልብሎ ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከረው ደግሞ ጉላብ ጃሙን ነው። «ጉላብ» በፋርስኛ የጽጌረዳ ውሃ ማለት ስለሆነ፣ አበባው እኔ ያመጣሁት ቅብጠት እንዳይመስላችሁ፤ ከነስሙ የመጣ ነው። ሀገሩ ሞቃት ነው፣ ወተት አያድርም፤ አትንኖ በስኳር ማጠንከር አንዱ የማቆያ ዘዴ ሆነላቸው። እኛ ያንኑ ችግር በእርጎ፣ በቅቤና በአይብ ተወጣነው። በስኳር ማቆየት አልታሰበንም። ቢታሰበንስ ስኳሩ ከየት ይመጣል?

ወደ ስኳሩ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ወተቱ።

የኔ ወተት የሚመጣው በሃይላንድ ነው፤ ባለ ሁለት ሊትሩ። ደንበኛ ወተት ከሆነ ሦስት ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ያህል ኮያ ይወጣዋል። የኔው ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ክንዴ እስኪዝል ተማስሎ አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በቅጡ አልሞላም። የቀረው የት ገባ? ተነነ። ድሮም ውሃ ነበራ! ላክቶሜትር የሚባል የወተት መመርመሪያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፔዳ የሠራ ሰው ግን ላክቶሜትር አያስፈልገውም፤ ሃቁ ድስቱ ሥር ይቀርለታል። ወተት ሻጬን ስጠይቀው አልደነገጠም። «ዝናቡ በዝቶ ነው እህቴ፤ ሳሩ ውሃ ሆኗል» አለኝ። አዳማ ላይ ዝናብ የበዛበትን ወር የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ።

ተናደድኩና ከአርሲ በኩል ለሚመጣ ሰው ላክሁ። እንከን የሌለው ወተት መጣልኝ፤ ወፍራም፣ ቢጫ ቢጫ የሚል። ግን ዕቃው በወይራ የታጠነ ነው። ለእርጎ ቢሆን የሚያስመሰግን ሙያ ነው፤ ወተቱ ወደ አምስተኛው ሲወርድ ግን ጢሱ አብሮ አይወርድም፣ እዚያው ይከማቻል። ከላዩ ጽጌረዳ ስበትንበት ሽታው ሰርግ ቤት በእሳት የተያያዘ መሰለ። የላስቲኩንም ሞክሬዋለሁ። ቅባቱ የተቀነሰለት ወተት አጉል ደረቅ ነው፤ ተሰባብሮ ድስቱ ላይ የቀረውን በማንኪያ ፍቄ በላሁት።

በዚህ መሀል ራስጉላም አምሮኝ ነበር። የምዕራብ ቤንጋልና የኦዲሻ ክልሎች «የኔ ነው፣ የኔ ነው» ተባብለው እስከ መዝገብ የደረሱበት፣ ስፖንጅ የመሰለው ነጭ ኳስ ነው። «አይብ አይደል እንዴ? አይብማ ሞልቶናል» ብዬ ገባሁበት። የኛ አይብ ቅቤው ወጥቶለት ከአሬራ የሚነጠር ኮምጣጣ ነው፤ የነሱ ግን ካልተገፋ፣ ቅቤው ካልወጣ ትኩስ ወተት በሎሚ የሚረጋ ነው። ኳሶቼ የስኳር ውሃው ውስጥ እንደገቡ ተበተኑ። ልጆቹ ሾርባ ነው ብለው ዳቦ አመጡ።

ወተት የሚረክስበት ወቅት መቼም አለ። ሁዳዴ ነው። ላም ሁዳዴ አታውቅም፤ 55ቱን ቀን ስትታለብ ትከርማለች፣ ገዢው ግን ጾመኛ ነው። ያኔ ወተት ሻጬ በሬን ራሱ መጥቶ ያንኳኳል፣ ሃይላንዱም እስከ አፉ ይሞላል፣ ሳሩም ተአምር በሚያሰኝ ሁኔታ ውሃነቱ ይቀርለታል። ምን ያደርግልኛል? ፔዳ ለፋሲካ አይደርስ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ወተት በወረፋ ነው።

ስኳሩንማ አታንሱት። ወንጂ እኮ ከአዳማ ታክሲ ተሳፍረው የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ የሚደረስባት ናት። ሆላንዶቹ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመሩት እዚያ ነው፤ ልጅ ሆነን የመጠጥነው ደስታ ከረሜላም ከዚያው የመጣ ነው። በአገዳ ማሳ ጥግ ያደግን ሰዎች ዛሬ «ስኳር መጣ!» ሲባል ፌስታል ይዘን እንሮጣለን፤ ተሰልፈን ወደ መስኮቱ ስንደርስ «አለቀ» እንባላለን። ለቡናው ያጣሁትን ስኳር ለፔዳ ማዋሌን እናቴ ከሰማች ወዲህ ጣሳውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሄሉ ብቻ ቅመም ሱቅ በቀላሉ ተገኘ። ለታሪክ ይመዝገብልኝ፣ ሌላ በቀላሉ የተገኘ ነገር የለም።

መብራት። ይህንን ሳልተነፍስ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ቆቃ ግድብ ቅርባችን ነው፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገር ያበራል። ዘወር ስንል ደግሞ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ አሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተተክለው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ። ከተርባይን ሽቦ ተዘርግቶ ቀጥታ ወደ ኔ ምድጃ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ሁሉም ወደ ሀገሪቱ ቋት ገብቶ ነው የሚከፋፈለው። ግን ወተቱ ገንፎ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፍቶ፣ ከሰል ላያይዝ በረንዳ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ስል እነዚያ ነጫጭ ክንፎች ቀስ ብለው ሲዞሩ ሳይ ምን እንዳልኩ አልጽፈውም። ከሰሉ ሲያያዝ እሳቱ በረታ፣ ወተቱ ሥሩ ያዘ። ያረረ ወተት ሽታው ሦስት ቀን ቤት አይለቅም።

ይህ ሁሉ አልፎ ወደ ጽጌረዳው ደረስን። ከቆቃ እስከ ባቱ (ዝዋይ ማለት የለመደብን ሰዎች መቼም አንተውም) ስንት የአበባ እርሻ አለ! ከዚያ የተቆረጠው ጽጌረዳ ቀዝቃዛ መኪና ተሳፍሮ፣ ከቦሌ በረር ብሎ፣ ሆላንድ ገበያ ይወጣል። ስኳሩን ሆላንዶች መጥተው ሠሩልን፣ አበባውን እኛ እንልክላቸዋለን፤ በመሀል እኔ አንድ እፍኝ አጣሁ። ቢገኝም አይበላም። ለአውሮፓ ማስቀመጫ የሚበቅል ጽጌረዳ ተባይ እንዳይነካው በኬሚካል ይረጫል፤ ደግሞም የሚመረጠው ረጅም ዘንግ እንዲኖረውና ቶሎ እንዳይጠወልግ ስለሆነ አብዛኛው ሽታ የለውም። መልክ ብቻ።

የጽጌረዳ ውሃ ፍለጋ መዋቢያ ሱቅ ገባሁ። «ለፊት ነው ለፀጉር?» አለኝ ልጁ። «ለሆድ» አልኩት። ለማንኛውም ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። ጠርሙሱ ላይ ግሊሰሪን የሚል አነበብኩና መልሼ አስቀመጥኩት።

የቀረኝ የእናቴ ጽጌረዳ ነበር፤ አሮጌ የዘይት ጣሳ ውስጥ የተተከለች፣ መድኃኒት ነክቷት የማታውቅ፣ ጠዋት ጠዋት ግቢውን የምታውድ። አምስት አበባ ለመንኳት፣ ሰጠችኝ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አኖርኩት። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። መብራት ያልሰጠኝ ነፋስ መጣና አበባዬን አፍሶ፣ በምትኩ አቧራ አራግፎ ሄደ። ሰፌዱ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የቀረ ስምንት ቅጠል ለቀምኩ።

እንዲህ ሆኖ ፔዳው፣ ያው በወተት ሻጬ ወተት፣ ማክሰኞ ማታ ተሠርቶ አለቀ። እናቴ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ «ነገ ረቡዕ ነው» አለች። የግሏን ሐሙስ ቀምሳ «ሳሙና ሳሙና ይላል» ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። አልተቀየምኳትም፤ ጽጌረዳን የምናውቀው ከሳሙናና ከቅባት ነዋ። አባቴ ስኳር ስላለበት ሩብ ቆርሶ ስለ ህንድ መምህሮቹ ሲያወራ አመሸ። ድሬዳዋ ያደገችው ጎረቤቴ አጣጥማ፣ እኛ ሰፈር ሙሸበክና ሀላዋ እያለ ለዚህ ሦስት ሊትር ወተት መፍጀት ምን ይሉታል አለችኝ።

አንድ ፍሬ ተርፎ ነበር። ዓርብ ጠዋት ወተት ሻጬ ባዶውን ሃይላንድ ሊወስድ ሲመጣ ሰጠሁት፤ እሱ ጾም የለበትም። ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠው።

«ውይ! ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ምንም አልጨመርኩበትም፤ አንተ የጨመርክበትን ነው ያወጣሁት።»

ሳቀ። «ሌላ የለሽም?» አለኝ።