የስሪንጅ አርበኞች

ስለ ፕሪንተር ወጪ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከመካከል አንዱ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «እኔማ ካርትሪጅ መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ፤ እቤቴ ነው የምሞላው» ማለቱ አይቀርም። አባባሉም የምሥራች የሚያበስር ሰው አባባል ነው። ወዲያው የአንድ ጠርሙስ ቀለም ዋጋ ይነገራል፣ ከዋናው ካርትሪጅ ዋጋ ላይ ይቀነሳል፣ ልዩነቱ በወር በዓመት ይባዛል፤ አድማጩም እስከዛሬ ገንዘቡን ሲያቃጥል የኖረ ጅል መሆኑን ተረድቶ አንገቱን ይደፋል። ይህ ወሬ ያንገሸግሸኛል። ሆኖም ያንገሸገሸን ነገር ሁሉ መንቀፍ ጨዋነት ስላልሆነ፣ ሰውየውን እንደ ሥራው ላመሰግነው ቆርጫለሁ።

አንደኛ፣ ለታሪክ ያለው ታማኝነት ይደነቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 በጃፓኑ የካኖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ ስሪንጅ መርፌ ነካና ቀለሙ ከጫፉ ፊጭ አለ። ኢቺሮ ኤንዶ የተባለው ተመራማሪ ነገሩን ልብ አለው፤ በሙቀት ቀለም የሚተፋ ማተሚያ ሐሳብ በካኖን ቤት የተፀነሰው ያኔ ነው። ሂውሌት ፓካርድም (ኤችፒ) በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ በ1984 ቲንክጄት የተባለውን ፕሪንተር ገበያ ላይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች ደክመው ደክመው ከሰው ፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ሠሩ። በየቀዳዳው ያለችው ማሞቂያ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ግላ አረፋ ታስነሳለች፤ አረፋው ደግሞ በፒኮ ሊትር የምትለካ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ይወረውራል። አርበኛችን ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ከሰዓት ሽሮ ጉዳዩን ወደ ስሪንጁ መልሶታል። ለዚያች ቀዳዳ የሚያቀርበውም ቀለም ጠርሙሱ ላይ «ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ለሁሉም የሚሆን መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ሲገጥመን እንሸሻለን፤ ለሁሉም የሚሆን ቀለም ሲገኝ ግን ሁለት ጠርሙስ እንገዛለን።

የሥራው ሥርዓትም የራሱ ውበት አለው። ካርትሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በጥፍር ይላጣል፤ ከሥሩ ሦስት ቀዳዳዎች ብቅ ይላሉ። የትኛው የቢጫ፣ የትኛው የሰማያዊ፣ የትኛው የቀይ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ስለሌለ በየቀዳዳው ስቴኪኒ እየገባ ጫፉ ይታያል። መርፌው ስፖንጁ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰካል፣ ቀለሙ ጠብ ጠብ ይላል፣ «ትንሽ ብቻ ልጨምርለት» ይባላል፤ ያን ጊዜ ሞልቶ ይገነፍልና ሰማያዊው ቢጫው ቤት ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሚታተም ፀሐይ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ካርትሪጁ በሶፍት ይጠረግና ይገጠማል፣ ይታተማል፣ ወረቀቱ ባዶውን ይወጣል። ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ይታዘዛል፤ ጽዳት ማለት ደግሞ ቀለም መትፋት ስለሆነ በመርፌ ከገባው ጥሩ ድርሻውን ውጦ ዝም ይላል። እንደገና ይታዘዛል። በዚህ መሐል መብራት ይሄዳል። የማተሚያው ራስ ሥራ ሲጨርስ ወደ ጥጉ ሄዶ ክዳኑ ላይ እንዲያርፍ ነበር የተሠራው፤ መብራት ሲሄድበት ግን መንገድ ላይ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። መብራት እስኪመለስ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ደርቆ ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ሰፊ ትንታኔ የሚገባው ግን የጣቱ ነገር ነው። ይህ ቀለም በሳሙና አይለቅም፣ በኦሞ አይለቅም፣ በበረኪና ሲታሽ ቆዳው ይለቃል እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ ሰውየው በምርጫ ቀን እንደ ማንኛውም ዜጋ ተሰልፎ ጣቢያ ደረሰ እንበል። አስመራጩ ጣቱን አይቶ «መርጠዋል» ይለዋል። «አልመረጥኩም፣ ካርትሪጅ ሞልቼ ነው» ይላል። ጥቁሩ ጣት አንድ ነገር ነው፤ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው ሲጨመሩ ግን በአራት ጣቢያ ለአራት ፓርቲ ድምፅ የሰጠ ሰው ይመስላል። ታዛቢዎች ይጠራሉ፣ ክርክር ይነሳል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ይባላል። ቃለ ጉባኤው መታተም አለበት፤ የጣቢያው ፕሪንተር ደግሞ ቀለም ጨርሷል። አርበኛችን ስሪንጁን ከኪሱ አውጥቶ «ለዚህ ነው የምትጨነቁት?» ይላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የአስመራጮቹ ጣት ጠቁሯል፣ የታዛቢዎቹም ጠቁሯል፣ ሶፍት ያቀበለው ፖሊስ ሳይቀር ጠቁሯል። ጣቱ ቀለም የነካ ሰው ዳግም አይመርጥምና ጣቢያው ውስጥ ድምፅ መስጠት የሚችል አንድ ሰው ይጠፋል። ሰልፈኛው ይህን ሰምቶ በሩን ሲገፋ በሩም በቀለም ተለቅልቋል። ውጤቱ ይሰረዝና ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ አቤቱታው እዚያው በተሞላ ካርትሪጅ የታተመ ስለሆነ በየመስመሩ መካከል ነጭ ስንጥቅ አለበት፤ ዳኛው «ምርጫው ተጭበርብሯል» የሚለውን «ምርጫው ተ…ብሯል» ብለው አንብበው ጠበቆቹን ትርጉም ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ጣት መቀባት ይቀርና ለመረጠ ሰው ሁሉ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ተብሎ ይወሰናል። የምስክር ወረቀቱም ይታተማል። በምን እንደሚታተም መናገር አያስፈልግም።

ሌሎቹን በረከቶች በአጭሩ ልጥቀሳቸው። የጠረጴዛ ልብስ አዲስ ጥለት ያገኛል። የእጅ መታጠቢያው ሳህን ከነጭነቱ ጭንቀት ይገላገላል። ለሥራ ማመልከቻ የታተመው ሲቪ ዝናብ ሲነካው የሥራ ልምዱ ወደ ትምህርት ደረጃው ይፈሳል። ርካሹ ቀለም ፀሐይ ስለማይወድ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእናት ፎቶ በዓመቱ መልኩ ጠፍቶ ማን እንደነበሩ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል።

አሁን የሽሙጡን መጋረጃ ገለጥ አድርጌ ተቃውሞውን በቅንነት ልስማ፤ ምክንያቱም ጠንካራ ተቃውሞ ነው። «ጥፋቱ የኛ ሳይሆን የኩባንያዎቹ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ፕሪንተሩን በርካሽ ሰጥቶ ትርፉን ከቀለሙ ላይ መልቀም የታወቀ የንግድ ዘዴ ነው። ብዙው ተራ ካርትሪጅ የሚይዘው ቀለም ከአንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ዋጋው ግን ሽቶ ያስንቃል። በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. የኤችፒ ፕሪንተሮች ቀድሞ በተጫነባቸው ሶፍትዌር ምክንያት፣ ትናንት ሲቀበሉት የነበረውን የሌላ አምራች ካርትሪጅ ዛሬ አናውቀውም አሉ። በ2020 የጣልያን የገበያ ውድድር ባለሥልጣን ይህንኑ ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በጥር 2024 የኩባንያው የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤንሪኬ ሎሬስ የኛን ቀለም የማይጠቀም ደንበኛ መጥፎ ኢንቨስትመንት ነው የሚል ሐሳብ በቴሌቪዥን ሳያፍሩ ተናገሩ። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዓለም ቺፕ ሲያጥረው ካኖን አንዳንድ ቶነሮቹን፣ ማሽኑ የራሱን ምርት የሚለይበት ቺፕ ሳይኖራቸው፣ ሸጠ፤ ማሽኑ «ይህ ቶነር አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ እንዴት ችላ ብሎ ማለፍ እንደሚቻልም ራሱ ካኖን ለደንበኞቹ አስተማረ። ያለ ቺፕ ማተም ይቻል ኖሯል ማለት ነው። ይህ ዘረፋ ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

እንግዲህ «ከተዘረፍን እንበቀል» የሚለው ስሜት ይገባኛል። ጥያቄዬ በቀሉ ማንን ይመታል የሚል ነው። በብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች ላይ የማተሚያው ራስ ያለው ካርትሪጁ ላይ ነው። ያችን ማሞቂያ የሚያበርዳት ቀለሙ ራሱ ስለሆነ፣ መሙላቱ ዘግይቶ ባዶዋን ከሠራች ትቃጠላለች፤ የተቃጠለ ማሞቂያ ደግሞ በመርፌ አይድንም። ያን ጊዜ አርበኛችን ወዴት ይሄዳል? አዲስ ካርትሪጅ ሊገዛ ነዋ! እዚያው ዘራፊው ዘንድ፣ እዚያው ዋጋ ላይ፤ እስከዚያ ያባከነው ቀለም፣ ወረቀት፣ ሶፍትና ቅዳሜ ተጨምሮበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ከሒሳቡ ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳው የሰው ጊዜ ነው። ሌላ ሰው «ቅዳሜህን በነፃ ሥራልኝ» ቢለው ይቆጣል፤ ፕሪንተሩ ሲለው ግን ብልኅነት ይመስለዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ጦርነቱ አልቋል። በእስያ ገበያዎች ሰዎች ከፕሪንተሩ ጎን ጠርሙስና ቱቦ እየገጠሙ ካርትሪጅ መግዛት ሲያቆሙ፣ ኤፕሰን በ2010 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ራሱ ባለ ታንክ ፕሪንተር ይዞ ወጣ፤ ቀለሙ ከጠርሙስ በቀጥታ ይገለበጣል፣ መርፌ የለ፣ ስቴኪኒ የለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ይህ የሞይዎቹ ድል ነው፤ ክብሩንም አልነፍጋቸውም። ከድሉ በኋላም ስሪንጁን ይዞ ጫካ የቀረው ግን አርበኛ ሳይሆን ወሬ ያልደረሰው ሰው ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ በር፣ ከፍርድ ቤት ደጅ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ማዶ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሠሩት በሌዘርና በባለ ታንክ ፕሪንተር ነው። እነሱ ቀኑን ሙሉ ገጽ እየቆጠሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ሦስት ቀዳዳ ካርትሪጅ በመርፌ መሙላት ቢያዋጣ ኖሮ ከነሱ ቀድሞ የሚያውቀው አልነበረም።

«ፕላስቲኩስ? መጣሉ አካባቢ አይበክልም ወይ?» ለሚል፣ ይበክላል። ነገር ግን ጥቂት ጊዜ ተሞልቶ፣ በየመሐሉ ግማሽ እሽግ ወረቀት በሙከራ አስጨርሶ የሚጣል ካርትሪጅ አካባቢን አዳነ አይባልም፤ ካርትሪጅ ጨርሶ የማይጥለው ማሽን ይሻላል። «ፎቶ ኮፒ ቤት በሌለበት ገጠር ያለው መምህር ፈተናውን በምን ያትም?» ለሚለው ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ምርጫ ያጣ ሰው ላይ አላሾፍም። እሱም ቢሆን አዲስ ማሽን የሚገዛበት ቀን ሲመጣ ሌዘር ይግዛ፤ ቶነር ዱቄት ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ቢቆይ አይደርቅም።

ከተማ ውስጥ ሆኖ፣ በወር ዐሥር ገጽ የማያትም፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከደጁ ያለ ሰው ግን ምንም ሰበብ የለውም። ኩባንያውን መቅጣት ከፈለገ ያንን ፕሪንተር መጀመሪያውኑ አይግዛ። ያልተሸጠ ፕሪንተር ያማቸዋል፤ በቀለም የተጨማለቀ ጣት ግን ሒሳብ መዝገባቸው ላይ አይታይም።