«ፋስት» በአንድምታ

እንግሊዞች «ፋስት» የሚሉት ቃል አንድም መፍጠን፣ አንድም መጾም፣ አንድም ተቸንክሮ መቅረት፣ አንድም በእንቅልፍ መጽናት መሆኑን በተማሪነቴ ስሰማ የልሳናቸው ድኽነት መስሎኝ ነበር። አምና፣ ከ15ቱ የጾመ ፍልሰታ ቀናት ባንዱ ግን፣ ረዳቱ «ፈጣን ነው፣ ግቡ!» እያለ ከጎንደር የጫነን ሚኒባስ፣ ሾፌሩ አቋራጭ ያለውን ይዞ ከጥርጊያው ሲወጣ በደምብያ ጥቁር ዋልካ እስከ ሆዱ ተቀብሮ፣ እኔ እህል ሳልቀምስ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፣ በጎኔ ያሉት መሪጌታም መቋሚያቸውን ታቅፈው ሲያንኮራፉ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት ያልደከሙበት ይህ አንድምታ ባንድ ሚኒባስ ተፈጸመ (የፊተኛው ትርጓሜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከረዳቱ አፍ አላለፈም)። አምሽተን ኮላ ድባ ገብተን «ፋስት ፉድ» ከሚል ሰሌዳ ሥር ብቀመጥ፣ አስተናጋጇ «አዎ አባቴ፣ ሁሉም የጾም ነው» ብላ ሽሮውን ከአንድ ሰዓት በኋላ አቀረበችልኝ።